እናቴን የገደልኩበት ዓርብ

ከጎንደር የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። እናቴ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። ከጴንጤ ልጇ ጋር መጨቃጨቅ ሰልችቷት ነበር፤ በሶዬ ያለበት ፌስታል ውስጥ ግን አንድ ጠርሙስ ጸበል ሸጉጣ ኖሯል። መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮት በኩል «መንገድ ላይ ጠጣው። አንተ ባታምንበትም እሱ ያውቅሃል» አለችኝ። እንደማልጠጣው በልቤ ቆርጬ እሺ አልኳት።

ገላባት ላይ የሱዳኑ ጉምሩክ ጠርሙሱን አወጣው። ሰውየው አማርኛ ይሰባብራል።

«አረቄ!» አለኝ። በሱዳን አረቄ ያስገርፋል።

«ውሃ ነው።»

«ከሐበሻ አገር ውሃ ተሸክመህ? እኛ ጋ ዓባይ የለም?»

«የቤተ ክርስቲያን ውሃ ነው፣ እናቴ ናት...»

«ውሃ ከሆነ ጠጣ!»

እስከ ጭላጩ ጠጣሁት። እናቴ በስንት ዓመት ልመና ያቃታትን ጉምሩኩ በአንድ ደቂቃ አደረገው።

የካርቱምን ሙቀት ለጎንደር ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ቧንቧ ስትከፍቱ የሚወርደው የሻይ ውሃ ነው። ቀን ቀን ቤት ቀለም እቀባለሁ፤ ዓርብ፣ ከተማው ሲያርፍ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ታዳጊዎች አስተምራለሁ። ልጆቹ እዚያው ያደጉ የሐበሻ ልጆች ናቸው። አማርኛዬን ግማሹን ይሰሙታል፣ በግማሹ ያዝኑልኛል። ሁለት አከራዮች በጩኸታችን ምክንያት አባረውናል። ሦስተኛዋ የካላክላ ሰፈሯ ሐጃ ነፊሳ ናቸው፤ ከግቢያቸው ጥግ ያለችውን ክፍል ሲያከራዩኝ «ጩኸት ከሰማሁ ያላ፣ በሩ ያውላችሁ» አሉኝ። ይቺን ካጣን ልጆቹ እንደሚበተኑ አውቅ ነበር።

የዚያን ዓርብ ትምህርት «አትዋሽ» የሚል ነበር። ጨርሼ፣ እስቲ ንስሐ እንግባ አልኳቸው። ያጉረመርማሉ ብዬ ነበር። ሰላም የምትባለው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ቀጥሎ ጓደኛዋ፣ ቀጥሎ ሁሉም። እኛ ደግሞ ስናለቅስ ታውቁናላችሁ፣ ቤቱ አይበቃንም።

በሩ ተበረገደ። ሐጃ ነፊሳ ነጠላ መሳይ ቶባቸውን መሬት ለመሬት እየጎተቱ፣ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ገቡ፤ ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች። በሱዳንም እንደኛው ነው፣ ለቅሶ የተሰማበት ቤት ተፈቅዶ አይገባም።

«ሚኑ ማት? ማን ሞተ?» ብለው ጮኹ።

ጸሎት ነው ብል ጩኸት ነው፤ ጩኸት ከሆነ በሩ ያውላችሁ። ሁሉም እኔን ያያሉ።

«እናቴ» አልኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሰዓት ሳይሞላ መንገዱ ላይ ድንኳን ተተከለ። ወንዶቹ ተራ በተራ እየመጡ መዳፋቸውን ዘርግተው ለሟች የሚባለውን ፋትሐ ይቀሩልኛል፣ እኔም መዳፌን እዘረጋለሁ። ሐጃ ለሻይ የሚያልቧትን አንድ ፍየላቸውን አሳረዱ። ሁለተኛው ቀን ላይ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው «እናት አንዲት ናት ልጄ» ሲሉኝ የእውነት አለቀስኩ። ደርሶ መመለሻ ወረቀት አጥቼ እዚህ ቀለም ስቀባ መርዶዋ እንዲህ እንደሚመጣብኝ ታየኝ።

በሦስተኛው ቀን ሰላም መጣች።

«ወንድም ታምሩ፣ እናቴ ሐሙስ ደወለችልኝ ብለኸን ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«አትዋሹ ያልከን ከመሞቷ በፊት ነው በኋላ?»

ልጆቹ በሚቀጥለው ዓርብ አንመጣም ማለታቸውን ነገረችኝ። ክፍሉን ለማዳን ብዬ ልጆቹን ላጣ ነው። ወደ ሐጃ ሄድኩ፤ ሰላም ተከተለችኝ።

«ሐጃ፣ እናቴ አልሞተችም።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ተነሳች?»

«መጀመሪያውኑ አልሞተችም። ስንጸልይ ነው ያለቀስነው። ክፍሉን እንዳይነሱን ፈርቼ ዋሸሁዎት።»

«ፍየሌስ?»

«ፍየሏ ሞታለች።»

ሐጃ ሞባይላቸውን ከቶባቸው ስር አወጡ። «ደውል። ድምፅዋን ሳልሰማ አላምንህም።»

ስልኩን ያነሳችው የእናቴ ጎረቤት ጠራችልኝና እናቴ ሃሎ አለች። ሐጃ ስልኩን ነጥቀው አዳመጡ፣ «አልሐምዱሊላህ!» እያሉ አለቀሱ፣ ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «ዓርብ ቀስ ብላችሁ አልቅሱ» ብለው ስልኩን መለሱልኝ። ሰላም በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

«ማናት እሷ? ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?» አለች እናቴ።

አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች።

«ድንኳን ተጣለልኝ?»

«ተጣለ።»

«ሰው መጣ?»

«ሰፈሩ በሙሉ። ፍየልም ታርዷል።»

«እግዜር ይስጣቸው። ጸበሉንስ ጠጣኸው?»

«ጠጣሁት እማ፣ ጭላጭ አልቀረም።» ደስ እንዳላት ከትንፋሿ አወቅሁ።

«የእውነቱ ቀንስ ትመጣለህ?» አለችኝ።

እመጣለሁ ማለት ቀላል ነበር። ሰላም ዓይኗን አልነቀለችም።

«አላውቅም እማ» አልኳት።