ከቤት ኋላ ያለው መሬት

ልጅ ሳለሁ፣ ከአንጋጫ በላይ ተራራው ወገብ ላይ ባለችው መንደራችን፣ ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር ነበር የምናድረው። ከፍ ባለው በኩል እኛ፣ ዝቅ ባለው በኩል ሁለቱ ላሞችና ጥጃው፣ በመካከል ደግሞ ፍሙ የማይጠፋ ምድጃ ነበረ። ጭሱ በሣር ክዳኑ ሥር ሲያንዣብብ ይቆይና ቀስ እያለ ሰርጎ ይወጣል። ያኔ መብራት የምንለው አንድ ኩራዝ ነበረን፤ እሱም ጋዝ እንዳይባክን ራት እንደተበላ እፍ ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚታየኝ የፍሙ ቅላትና በፍሙ ብርሃን የሚያበራው የእቴቴ ድንቅነሽ ፊት ብቻ ነበር።

እቴቴ ድንቅነሽ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ወደ ሙዱላ በኩል ተድራ ስምንት ዓመት ኖራለች። ባሏ ሲሞት ልጅ አልነበራትምና ወንድሞቹ «ለማን ብለሽ ትቀመጫለሽ?» ብለው መሬቱን ተካፈሉት። እሷም አንድ ጥቅል ልብስ ይዛ ተራራውን ወጣችና ወደ አባቷ፣ ወደ አያቴ ቤት ተመለሰች። ይህን የነገረችኝ እናቴ እንጂ እሷ አይደለችም። እሷ ስለ ራሷ አታወራም ነበር፤ የምታወራው ስለ ጅብና ስለ ጦጣ፣ ስለ ዝናብ ልጅና ስለ ሰነፍ ሙሽራ ነበር። ተረቱን በከምባትኛ ጀምራ፣ አማርኛ ከትምህርት ቤት ይዤ መምጣቴ ደስ ስለሚላት፣ አንዳንዱን ቃል በአማርኛ እንድነግራት ትጠይቀኝ ነበር።

አንዱ ተረቷ ሁልጊዜ ያናድደኝ ነበር። ጦጣ ድንጋያማ ቦታ ቆፍራ ትዘራለች፤ እሸቱ ሲደርስ ጅብ መጥቶ «የአባቴ ርስት ነው» ይላል። አራዊት ሁሉ ለፍርድ ይሰበሰባሉ። ጦጣ ስትቆፍር ሁሉም አይተዋታል፤ ግን ጅቡን ፈርተው ሣር ሣሩን ያያሉ። «ለምን አንዳቸው እንኳ አይናገሩም?» ብዬ ስጮህ እቴቴ እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ እያደረገች ትስቅ ነበር። «ተናግረው ቢሆንማ ተረቱ ከየት ይመጣ ነበር?» ትለኛለች።

ከቤታችን ኋላ ማንም የማይፈልገው ዳገት ነበረ፤ ድንጋይ የበዛበት፣ ጎርፍ አፈሩን የላጠው። እቴቴ ከመጣች በኋላ በዚያ ዳገት ላይ ሥራ ያዘች። ድንጋዩን እየለቀመች ካብ ሠራችበት። ጠዋት ጠዋት ከላሞቹ ሥር የጠረገችውን ፍግ በቅርጫት ተሸክማ ታወጣለች፤ እኔም በትንሿ ቅርጫት እከተላታለሁ። የእንሰት ችግኝ ከጎረቤት ለምና ተከለች፤ በሁለተኛው ዓመት ነቅላ አራርቃ ተከለች፤ በሦስተኛው እንደገና። በእኛ አገር እንሰት መትከል የወንድ ሥራ ነውና የሚያልፉ ሰዎች ቆም ብለው ያዩዋት ነበር። እሷ ግን ቀና አትልም። እንሰቶቹ ከእኔ በለጡ፣ ከእሷ በለጡ፣ ከጣራው እኩል ሆኑ። ዝናብ ሲመጣ ቅጠላቸው ላይ የሚያሰማው ድምፅ ቤት ውስጥ ድረስ ይሰማ ነበር።

በዘጠኝ ዓመቴ አያቴ ታመመ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እንዲሞቅ ደግፈን ወደ ጓሮ እናወጣው ነበር። አንድ ቀን እኔና እቴቴ ፍግ ስንበትን ሲያየን ቆየና ጠራት።

«ድንቅነሽ፣ ይህን ቦታ ያለማሽው አንቺ ነሽ። እስካለሽ ድረስ ያንቺ ነው። ማንም እንዳይነካብሽ።»

እሷ አጎንብሳ ጉልበቱን ሳመች። እሱ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ፣ አባባ» አልኩት።

በዓመቱ ሞተ። ሐዘኑ እንደወጣ አባቴና ታናሹ አጎቴ ሽጉጤ መሬቱን ሊካፈሉ ተነጋገሩ። አጎቴ ሊያገባ ነበርና ቤት የሚሠራበትን የላይኛውን ቦታ ከጓሮው እንሰት ጋር ፈለገ። አባቴ ደግሞ ታች መንገዱ ዳር ያለውን ሜዳ ፈለገ። ሁለቱም በዚህ ተስማሙ፤ ጓሮው ቢቀር አጎቴ ከሜዳው መካፈሉ የማይቀር ነበር። ያን ዓመት እንሰቱ ለቆጮ ለመፋቅ ደርሶ ነበር።

እቴቴ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ «አባቴ ሰጥቶኛል» አለች። ስለዚህ ሽማግሌ ተጠራ።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ደጃችን ላይ ተቀመጡ። ጠዋት አባቴ ጫማውን ሲያስር ቀና ብሎ ሳያየኝ «ልጅ በትልቅ ሰው ጉዳይ አይገባም» ብሎኝ ነበር። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ሽማግሌው አቶ ላምቦሬ «አባትሽ ሲሰጥሽ ማን ሰማ?» ብለው ሲጠይቁ ነው።

«ይህች ልጅ ነበረች» አለች እቴቴ፣ በእርግጠኝነት፣ ፈገግ እንደማለት ብላ።

አቶ ላምቦሬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ጠጋ በይ ብለው እጄን ያዙኝ። «አትፍሪ፣ የኔ ልጅ። አያትሽ ያሉትን ሰምተሻል?»

አባቴ ከፊት ለፊቴ ነበር። አልተቆጣም፣ አላስፈራራኝም፤ ዝም ብሎ አየኝ። አጎቴ መሬቱን በዱላው ይጭር ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ መቀነቷን ታጠብቃለች። እቴቴን ለማየት ግን አልደፈርኩም። የአቶ ላምቦሬ መዳፍ ሻካራና ሞቃት እንደነበር ዛሬም ይሰማኛል።

«አላስታውስም» አልኩ።

ከዚያ አቶ ላምቦሬ እጄን ለቀቁ፤ ሽማግሌዎቹም ወደ ራሳቸው ዞረው ቀስ ብለው መነጋገር ጀመሩ። የተወሰነው፣ እቴቴ ከወንድሞቿ ጋር እየበላች እንድትኖር፣ መሬቱ ግን የወንዶቹ እንዲሆን ነበር። «በወንድሞቿ ቤት ማን ያስርባታል?» አሉ። በማግስቱ ጠዋት የእሷ መኝታ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ላሞቹን አልባ ነበር የሄደችው፤ ማንንም ሳትሰናበት። ከዚያ ወዲያ ምሽት ላይ ኩራዙ ሲጠፋ ሁላችንም ዝም ብለን እንተኛ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የከብቶቹ ትንፋሽ ጮክ ብሎ ተሰማኝ።

አዲሎ የምትባል የመንገድ ዳር ከተማ ውስጥ መሆኗን የሰማነው ቆይቶ ነው። ወደ ሀዋሳ ለትምህርት ስሄድ መኪናችን አዲሎ ቆመና ከመስኮቱ አየኋት፤ መንገድ ዳር በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ዘርግታ። ዕቃዬን አውርጄ ቀረሁ። ወደ ኪራይ ቤቷ ወሰደችኝ፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ከሰል ምድጃ፣ ጋዜጣ የተለጠፈበት ስስ ግድግዳ። ለስምንት ዓመት የተሸከምኩትን በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት።

«እቴቴ፣ ያኔ አስታውስ ነበር። ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች። «አባትሽ ሲያይሽ አይቻለሁ።»

«አልተቀየምሽኝም?»

ከሰሉን በጣቷ አስተካከለች። «ውሸት ምን ያደርጋል፤ ክረምቱን ሙሉ ተቀይሜሽ ነበር። በኋላ አሰብኩት። የአሥር ዓመት ልጅ ከአባቷ ቤት ወጥታ የት ትደርሳለች? እኔ እንኳ ትልቋ የደረስኩት እዚህ ነው።»

ተረት እንድትነግረኝ ለመንኳት። ግድግዳውን በአገጯ አሳየችኝ። «ጎረቤቶቼ ጠዋት ሥራ አላቸው፤ ይረበሻሉ» አለች። ጀርባ ለጀርባ ተኛን።

አሁን ሆሳዕና ከተማ አስተምራለሁ። ሥራ እንደያዝኩ ወደ ተራራው ወጥቼ ለአባቴ «ቀበሌ ሄጄ እመሰክራለሁ» አልኩት። አባቴ አርጅቶ ነበር፤ «አጥንት አትቆፍሪ» አለኝ እንጂ አልከለከለኝም። እቴቴ በመጀመሪያ እምቢ አለች፤ ከብዙ ልመና በኋላ «እንግዲያው ከመስቀል በኋላ እንውጣ፤ ጉልበቴ ዳገቱን ከቻለው» አለችኝ። ስልኳ ላይ ስደውል ድምፅዋ ቀለል ብሎ ይሰማኝ ጀመር። የትኛውን እንሰት ከየት እንዳመጣችው እንኳ ትነግረኝ ነበር። መስቀል ሳይደርስ የእቴቴ ቤት አከራይ ደወለችልኝ። ሁለት ቀን ብቻ ነው የታመመችው።

ሬሳዋን ወደ መንደር አመጣነው። መጋቢው ጸሎት ካደረገ በኋላ ከቤተሰብ የሚናገር ካለ ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ አባቴ አየ፤ አባቴ ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ። እኔ ተነሣሁ።

«አያቴ ከቤት ኋላ ያለውን መሬት ለእቴቴ ሰጥቷት ነበር። በፊቴ ነው የሰጣት። በሽማግሌ ፊት ስጠየቅ አላስታውስም ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

የተቃወመኝ አልነበረም። አንዲት ሴት ብቻ ከኋላ «ወይኔ ድንቅነሽ» ብላ አለቀሰች። መቃብሩ ተሞላ፤ ሰው ወደ ድንኳኑ ወረደ። አጎቴ ሽጉጤ አካፋውን እንደያዘ ከኋላ ቀርቶ ጠበቀኝ። ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

«ያኔ ብትናገሪ ኖሮ እተውላት ነበር» አለኝ። «እኔም እኮ አባባ መስጠቱን እጠረጥር ነበር። ያጣሁት የሚነግረኝ ሰው ነው።»

እውነቱን ይሁን የራሱን ሸክም በእኔ ላይ ሊያራግፍ፣ አላውቅም። ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ተረቶቿን አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ፤ የዝናብ ልጅ ምን እንደሆነች እንኳ አላስታውስም። ይህን የአጎቴን ቃል ግን አልረሳሁትም። አንዳንድ ጊዜ ውሸት ቢሆን ብዬ እመኛለሁ። እውነት ከሆነ ግን እቴቴን ከቤቷ ለማስቀረት ያን እሁድ አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ያ ቃል ደግሞ እኔ አፍ ውስጥ ነበረ።