አማቴ ጋቢና ሲቀመጡ ሞተሩ ይጠፋል

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ባለፈው ክረምት ነው። መኪናዋ ከተሠራች ቆይታለች። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ባሰብኩት ቁጥር እንደ አዲስ ግራ ይገባኛል። ለሰው ሳወራው ሁሉም ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን ቤታችን ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም።

የምኖረው ቦሌ ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ባለቤቴ ሥራው ክፍለ ሀገር ስለሆነ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። አማቴ እማማ የሺ ከመንዝ ወደ እኛ የመጡት ለዓይናቸው ሕክምና ነው። የዓይናቸው ግፊት ከፍ ብሏል፤ በየቀጠሮው ካልታዩ ብርሃናቸው ቀስ በቀስ ይሄዳል ተብሏል። ክሊኒኩ ሃያ ሁለት አካባቢ ነው። የማመላልሳቸው እኔ ነኝ፣ ስንጋባ በገዛናት፣ ያኔም አሮጌ በነበረች የቤት መኪናችን።

እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ጴንጤ ናቸው። እሳቸው ጾም የማያጎድሉ ኦርቶዶክስ ናቸው። በመካከላችን ጥል የለም፤ ጥንቃቄ ግን አለ። እኔ ቃላት መርጬ እናገራለሁ፣ እሳቸውም መርጠው ይመልሳሉ።

ሞተሩ መጀመሪያ የጠፋብን ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ስንደርስ ነው። ምንም ምልክት አልሰጠኝም፤ መሪው በድንገት ከበደኝና ዳር ይዤ ቆምኩ። ቁልፉን ደጋግሜ ባዞር አይነሳም። ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክስ ያደርጋል። እማማ የሺ አማተቡና፣

“እኔን አውርጂኝ፣ ይነሳልሻል” አሉኝ።

መታፈኑ ነው ያስጨነቃቸው ብዬ ደግፌ አወረድኳቸው። ተመልሼ ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። እሳቸውም ተመልሰው ገቡ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ቀለበት መንገድ ላይ ጠፋብኝ። ይሄኛው ሊገድለን ነበር። ከኋላችን አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና እየመጣ ነበር። ሹፌሩ እንዴት አድርጎ በጎናችን እንዳለፈ እስካሁን አላውቅም። ጎማው ሲጮህ ብቻ ሰማሁ። ዳር ደርሰን ቁልፉን ባዞር አልነሳ ሲል እማማ የሺ በሩን ራሳቸው ከፍተው ወረዱ። እንደወረዱም ሞተሩ ተነሳ።

መካኒክ ጋ ወሰድኳት። የነዳጅ ፓምፑ ነው ብሎ ቀየረው። ጠፋች። ሌላው እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ቀየረ። ጠፋች። ሦስተኛው ጋራዥ በኮምፒውተር ፈትሾ፣ ራሱ ሲነዳት ዋለና “ምንም የለባትም” ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው። ሥራ ስሄድባት አንድም ቀን ጠፍታ አታውቅም። ጎረቤቴን ጋቢና አስቀምጬ ገበያ ሄጃለሁ፣ አልጠፋችም። ባለቤቴ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ ከተማውን ዞረናል፣ አልጠፋችም። የምትጠፋው እማማ የሺ ሲቀመጡ ብቻ ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደግሞ ከኋላ መግባት አይችሉም።

ከዚያ በኋላ መኪና አልገባም አሉ። ሜትር ታክሲ ልጥራ ስላቸው፣

“የሰው ልጅ እንጀራ የሚበላበትን መኪና እኔ ገብቼ ላበላሽበት?” አሉ።

ቀጠሯቸው አለፈ። ከክሊኒኩ ተደወለ። ባለቤቴም በስልክ “ከእናቴ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ?” ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ጥያቄ ከእሱ አልጠበቅኩም ነበር። ምን ብዬ ላስረዳው? መኪናዋ እናትህን አትወድም ልበለው?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብሳቸውን ሲያጣጥፉ አገኘኋቸው። አገሬ ልገባ ነው አሉኝ። ለምን ብዬ ስለምናቸው አልጋው ላይ ተቀመጡና እስከዚያ ቀን ነግረውኝ የማያውቁትን ነገሩኝ። ለባላቸው ቤት ሙሽራ ሆነው በገቡበት ዓመት የቤቱ ከብት በበሽታ አለቀ። ወዲያው የባላቸው አባት ሞቱ። አገሬውም “እግረ ደረቅ ናት” አላቸው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሰው አዲስ ቤት ሲሠራ ቀድመው አይገቡም፤ አራስ ሲጠይቁ ሌላ ሰው አስቀድመው ነው።

“እማማ፣ ይሄ እኮ ብረት ነው። ብረት ሰው አይለይም” አልኳቸው።

“ታዲያ ለምን እኔን ይለየኛል?”

ይባስ ብሎ እኔም መጠራጠር ጀመርኩ። ጠዋት ሥራ ስሄድ መሪው ላይ እጄን ጭኜ ስጸልይ ራሴን አገኘሁት። የምጸልየው ለመኪናዋ ይሁን ለእሳቸው ይሁን ለእኔ አላውቅም።

የሥራ ባልደረባዬ ሃያ ሁለት አካባቢ ዳዊት የሚባል የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጠቆመችኝ። ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። አማቴ ጋ ስደርስ አፈርኩ፤ ግን ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲጨርስ፣

“ማዘርን ይዘሻቸው ነይ” አለኝ።

እሳቸውን ማሳመን ከባድ ነበር። በመጨረሻ “እርስዎ ያሉት እውነት ከሆነ ሰውየው በዓይኑ ይየው፤ ከዚያ መንዝ ራሴ አደርስዎታለሁ” አልኳቸው። ይሄን ሲሰሙ ተስማሙ። እንዲያውም ትንሽ ደስ ያላቸው መሰለኝ፤ ለካ የሚያምናቸው ሰው አጥተው ኖሯል።

ዳዊት ከኋላ ተቀመጠ፣ እኔ ነዳሁ። ከጋራዡ ወጥተን በውስጥ ለውስጥ መንገድ ዞርን። ቁልቁለት ላይ ስንደርስ መሪው ከበደኝ። ሞተሩ ጠፋ።

“አየኸው ልጄ?” አሉ እማማ የሺ ቀስ ብለው።

ዳዊት ግን በሁለታችን ወንበር መሃል አንገቱን አስግጎ የሚያየው ሌላ ነገር ነበር።

“ማዘር፣ እግርዎ ምን እያደረገ ነው?”

“ፍሬን እየያዝኩ ነዋ። እሷ እኮ ትሮጣለች።”

ዞር ብዬ አየሁ። እማማ የሺ ሁለቱንም እግራቸውን ከዳሽቦርዱ በታች ወጥረው፣ ባለ በሌለ ኃይላቸው ወደፊት እየገፉ ነው። ለካ መኪና ውስጥ በገቡ ቁጥር እንዲህ ይፈሩ ኖሯል። እኔ የማየው መንገዱን ስለሆነ አንድም ቀን አላስተዋልኩም።

“እስኪ እግርዎን ይሰብስቡልኝ” አላቸው ዳዊት። ሰበሰቡ። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ተነሳ። “አሁን ይርገጡ።” ረገጡ። ጠፋ። ደግመን ሞከርነው፤ ያው ነው።

ዳዊት ምንጣፉን ሲገልጠው ርጥብ ነበር። ከፊት መስታወቱ ጥግ የሚገባው የክረምት ውሃ በዚያ ወርዶ ኖሯል። ከምንጣፉ ጀርባ፣ እግራቸው ከሚገፋው ሽፋን ሥር አንድ የብረት ሳጥን ፈታ። የሞተሩ ኮምፒውተር ይሄ ነው አለኝ፤ ነዳጁንም እሳቱንም የሚያዘው። ሲከፍተው ውስጡ ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል፤ አንዳንዱ ቦታ ብየዳው ተሰንጥቋል። ሳጥኑ ሲገፋ ስንጥቁ ይላቀቃል፣ ሲለቀቅ ይገጥማል። ቢጠገንም ነገ መንገድ ላይ ሊጥልሽ ይችላልና መቀየር አለበት አለኝ።

ከተፈታ መኪና ላይ የወጣ፣ ተመሳሳይ ኮምፒውተር ተፈልጎ ተገኘ። ሲገጠም ግን ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም። ነገሩ የበለጠ ተምታታብኝ። ዳዊት እንዳስረዳኝ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የድሮ መኪናውን ቁልፍ ነው፤ የእኔን አያውቀውም። ቀና ብዬ ስመለከት እማማ የሺ ከጋራዡ በር ውጭ ጃንጥላ ይዘው ዝናብ ውስጥ ቆመዋል። ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። እሳቸው ርቀው ሳሉም አልነሳ ማለቷን ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ምን እንዳነበብኩ አላውቅም፤ ደስታ ነው ልል ምንም አልቀረኝም።

ሌላ ቀን ዳዊት ቁልፌን ከኮምፒውተሩ ጋር አላምዶ ጠራን። ሞተሩ በአንዴ ተነሳ። የውሃውንም መግቢያ ደፍኖታል።

“ማዘር፣ አሁን እንደፈለጉ ይርገጡ” አላቸው።

ብዙ ተለምነው ገቡ። በእግር ጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። ከዚያ ጠበቅ አደረጉ። ከዚያ በሙሉ ኃይላቸው ገፉት። ሞተሩ ሳይጠፋ መሥራቱን ቀጠለ። ወደ እኔ ዞረው፣

“እኔ ስረግጠው አይደል ይጠፋ የነበረው?” አሉ።

“አዎ፣ ግን ተበላሽቶ ስለነበር ነው።”

“ታዲያ እኔ ነበርኩ።”

“እግርዎ ነው እማማ። ግን... ያኔ አገሬው እንዳለው ዓይነት እግር አይደለም።” ስናገረው ለራሴም አልገባኝም። ዳዊትም ፈገግ ብሎ ወደ ሥራው ዞረ።

በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ሄድን። ሐኪሙ በመዘግየታችን ተቆጣ፤ ጠብታውን ቀየረ፣ የግራ ዓይናቸው ከበፊቱ ትንሽ እንደደከመ፣ ከእንግዲህ ግን ቀጠሮ ካላለፈ እንደሚተርፍ ነገረን። ስንመለስ ሩዋንዳን እያለፍን እማማ የሺ ድንገት፣

“ያኔስ ከብቶቹ በምን ሞተው ይሆን?” አሉ።

ቀጥለውም፣ “የባሌ አባትም ሆዳቸው አብጦ ነበር። ማንም ገልጦ አላየም” አሉ።

አሁንም ከእኛ ጋር ናቸው፤ ቀጠሮም አያልፋቸውም። አልፎ አልፎ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ ሆድ የሚያሳብጠው በሽታ ምን ምን ነው፣ ከብት በአንድ ጊዜ የሚፈጀው ምንድን ነው ይሉኛል። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፤ የማላውቀውን ሰው እጠይቅላቸዋለሁ። ዕድሜ ልካቸውን የተሸከሙትን ነገር አወረድኩላቸው ወይስ ጨመርኩባቸው፣ መለየት አልቻልኩም። ግን ሲጠይቁኝ ድምፃቸው እንደ ድሮው የተሸማቀቀ አይደለም። ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ነው የሚጠይቁኝ።