በእጄ የነበረ ትንፋሽ

የሆስፒታሉ የመተንፈሻ ማሽኖች ሁሉ በሌሎች ሕመምተኞች ተይዘው ስለነበር ባለቤቴን ሁለት ቀን ሙሉ ያስተነፈስነው በእጃችን ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። ጉሮሮው ውስጥ በገባው ቱቦ ጫፍ ላይ የጎማ ፊኛ ተሰክቷል፤ ስንጨምቀው ደረቱ ይነሳል፣ ስንለቀው ይወርዳል። ነርሷ በየስንት ሰከንዱ እንደሚጨመቅ አሳይታን ነበር። እኔ ሰከንድ መቁጠር ሲያቅተኝ ሁለት ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልኩ አንዴ እጨምቃለሁ። አከራያችን ከሰፈራችን ከታቦር እየመጡ ሲተኩኝ በሲዳምኛ ይቆጥራሉ። ፕሮቴስታንት ናቸው። «ያንቺ ጸሎት ረጅም ነው፤ ሰውዬው እስኪያልቅልሽ አይጠብቅም» ብለው በዚያ ጭንቅ መሐል አሳቁኝ። ሐዋሳ ውስጥ ዘመድ የምለው እሳቸውን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዶክተሩ ዓይኖቹን በባትሪ አየና ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ።

«አንጎሉ አይመለስም። ብናቆም ይሻላል።»

«መርፌ ልትሰጡት ነው?»

«በፍጹም! መርፌ ሰጥቼ ባሳርፈው ገዳዩ እኔ ነኝ። አሁን እያደረግን ያለነው ሞቱን ማዘግየት ብቻ ነው። ስናቆም የሚገድለው በሽታው ነው።»

«ማሽን ቢሆን እሺ። የሚያቆመው እጄ ነው እኮ፣ ዶክተር!»

«እንግዲያው ነርሷ ትያዘው።»

«የኔን ኃጢአት ለሷ ልስጣት?»

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ያሉት ጎጃም ነው። ደውዬ ዶክተሩ ያለውን ነገርኳቸው።

«አንቺ ሴት፣ ነፍስ አውጪ ሆንሽ? እስክመጣ እጅሽን እንዳታነሺ!»

«ጋሼ፣ ከንፈሩ ከቱቦው ሥር ቆስሏል። ስጠራው አይሰማኝም። እግሩ ቀዝቅዟል።»

«እዚያ ያለሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «እንዳየሽ አድርጊ። እኔ ግን አድርጊ አላልኩሽም።»

ተመልሼ ፊኛውን ከአከራያችን ተቀበልኩ። አንዴ ጨመቅሁ። አማተብኩና እጄን አነሳሁ።

ራሱ ተነፈሰ! አጭር፣ እንደ መንጠቅ ያለ ትንፋሽ። እጄ ሳላዘው ወደ ፊኛው ሄደ፤ አከራያችን አንጓዬን ያዙት።

«ተነፈሰ እኮ፣ እማማ!»

«ተዪው፣ ልጄ።»

ዶክተሩ «የሚጠበቅ ነው» አለ በቀስታ። ቆይቶ ሁለተኛ ተነፈሰ። በጣም ቆይቶ ሦስተኛ።

አራተኛው እንዳይመጣ የተመኘሁት ያኔ ነው። እጄን ሳነሳ እንዲሞት ፈልጌ አልነበረም፤ ለሰጠው ጌታ ነው የተውኩት። አሁን ግን ጥርሴን ነክሼ «በቃ፣ በቃ» እል ነበር። በዚያች ደቂቃ ያንን መርፌ ቢያቀብሉኝ እምቢ እል ነበር? አላውቅም።

አራተኛው አልመጣም።

ወጥቼ ለጋሼ ደወልኩ።

«አቆምሽ?»

«አቆምኩ።»

ብዙ አለቀሱ። በመጨረሻ «እግዜር ይፍታሽ» አሉኝ። ከምን እንደሚፈታኝ አላወቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።