ከሬጉላተሩ ሥር የቀባሁት ቀለም

ባለፈው ወር የግቢያችን አከራይ የብረት በሩን ሰማያዊ ቀባው። የባኮ ሙቀት ደግሞ አያድርስ ነው፤ የዘይት ቀለሙ ሽታ ከቀትሩ ጋር ተዳምሮ ቤት ድረስ ገባ። ጎረቤቴ ራሴን አሞኛል ብላ መስኮቷን ዘጋች። እኔ ግን ወንበሬን በረንዳ ላይ አውጥቼ ሽታውን እየማግሁ ቁጭ አልኩ። አሥር ዓመቴ ነበር፤ አምቦ፣ እጄ እስከ ክርኔ ሰማያዊ ሆኖ፣ ትልቅ ቁም ነገር የሠራሁ መስሎኝ ግቢያችን መሐል የቆምኩበት ቀን መጣብኝ።

አባቴ የፊዚክስ መምህር ነበር። ጡረታ ከወጡ አንድ ዳይሬክተር የገዛት፣ በዕድሜ ከእሱ የማታንስ ቮልስ ነበረችው። ቤታችን ውስጥ ከእናቴ ቀጥሎ የምትከበረው እሷ ነበረች፤ እናቴ ግን "ቀጥሎ" የሚለው ላይ አትስማማም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎጆ ከተማ ያለችውን እናቱን ሊያይ ይወጣባታል። መንገዱ ድንጋይና ጭቃ ስለሆነ ሲመለስ መኪናዋ ከቀለሟ ይልቅ ጭቃዋ ይበዛል፤ ውስጧ ቤንዚን፣ አዲስ የተቆፈረ ድንችና እርጥብ ጆንያ ይሸታል። ያ ሽታ ለእኔ የቅዳሜ ማታ ሽታ ነበር።

ተማሪዎቹ አባቴን በኩርኩሙ ነው የሚያውቁት። እኔን አንድም ቀን ነክቶኝ አያውቅም፤ ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይበቃዋል። ሌላው አባት ሲጮህ ሰፈር ይሰማዋል፣ የእኔ አባት ሲቆጣ ግን ጠጋ ብለሽ ካልሆነ አይሰማሽም። እኔ ጩኸቱን እመርጥ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከቮልሷ የኋላ ወንበር ሥር ዝገት አገኘ። ወንበሩን አውጥቶ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ሰማያዊ ቀለም ቀባው። እዚያ ቦታ ላይ በአንድ በኩል ባትሪው፣ በሌላው በኩል ደግሞ በሁለት ቡሎን የታሰረች ትንሽ የብረት ሳጥን አለች። ሬጉላተር ትባላለች፤ ከዲናሞው የሚመጣውን ኃይል እየመጠነች ወደ ባትሪው የምትሰድ ናት። አባቴ ዙሪያዋን ቀብቶ እሷን ሳይፈታ ለኳየር ልምምድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

እኔ ደግሞ የእሱ ልጅ ነኝ። አልጋ ሥር ሳልጠርግ ቤት ጠረግሁ ብል የማይቀበለኝ አባት፣ ከሳጥኑ ሥር ያለውን ዝገት ረስቶት ሲሄድ አዘንኩለት። ቡሎኖቹን ፈታሁ፤ ሳጥኗን ከነሽቦዋ አነሳሁና ሥሯን ሁለት እጅ ቀባሁት። እንዳይዝጉ ብዬ ቡሎኖቹንም ቀለም ውስጥ ነከርኳቸው። ሁሉንም መልሼ አሰርኩ። ሲመጣ ልነግረውና ልመሰገን አስቤ በር ላይ ጠበቅሁት። እጄን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "በቀለሜ ተጫወትሽበት?" አለኝ። ወሬዬን ዋጥሁት።

በማግስቱ መኪናዋ ስትነሳ መሪው ፊት ለፊት ያለችው ቀይ መብራት አልጠፋም አለች። መብራቷ በርታ ከቀረች ባትሪው ኃይል እያገኘ አይደለም ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን ባትሪው ጨርሶ ሞተ።

አባቴ ነገሩን እንደ ፈተና ጥያቄ ያዘው። በግቢ በራችን ውስጠኛ ገጽ ላይ በጠመኔ ባትሪውን፣ ዲናሞውን፣ እሱን የሚያዞረውን ቺንጋና ሳጥኗን ሣለ፤ ጤነኛ መሆኑን ያረጋገጠውን ይሰርዛል። ባትሪውን ቻርጅ ቤት አሞልቶ አንድ ሌሊት አሳደረው፤ ኃይሉ አልወረደም፤ ሰረዘው። ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ተጭኖ አየው፤ አልላላም፤ ሰረዘው። የዲናሞውን ካርቦኖች አውጥቶ አጸዳ፤ መብራቷ ግን አሁንም አልጠፋችም። በመጨረሻ የመኪና ኤሌትሪሺያን የሆነውን ወዳጁን ኦቦ ጉታን ጠራው። ኦቦ ጉታ ሞተሩን አስነስቶ፣ በአንዲት ቁራጭ ሽቦ ሳጥኗን ዘሎ ዲናሞውን በቀጥታ ሲሞክር ቀይዋ መብራት ድርግም ብላ ጠፋች።

"ቲቸር፣ ዲናሞህ ፈያ ነው፣ ምንም አልሆነ። በሽታው እዚህች ውስጥ ነው" ብሎ ጣቱን ሳጥኗ ላይ አሳረፈ።

ክው አልኩ። ቀለም መቀባቴ ያኔም ጥፋት አልመሰለኝም፤ መፍታቴ ግን ሰብሯታል ብዬ አመንኩ።

የእሷ ዓይነት ሬጉላተር አዲስ አበባ ድረስ ተፈልጎ ጠፋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባትሪው ከቻርጅ ቤት ወደ መኪናዋ፣ ከመኪናዋ ወደ ቻርጅ ቤት ሲመላለስ ከረመ። አባቴ ቁልቁለት እየፈለገ ያቆማታል፤ ኩርኩም የቀመሰ ተማሪ ሁሉ ተሰብስቦ እየሣቀ ይገፋለታል። ጎጆ መውጣት ቀረ። አንድ ቀን እራት ላይ "ቀይዋ መብራት በርታ ከመቅረቷ በፊት ያንን ሳጥን የነካ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀን። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። እናቴ "ማን ይነካዋል?" አለች። እኔ ሳህኔን አየሁ። አባቴም አመነን።

በመጨረሻ አባቴ ሊሸጣት ወሰነ፤ ባኮ በቆሎ የሚነግዱት ኦቦ ቶላሳም ሊገዟት መጡ። ለሙሽራ መኪናነት ሊያሳምሯት ነው የፈለጓት። ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤት ባለበት ተጨባበጡ፣ አባቴ "የእርስዎ ናት" አላቸው። እሳቸውም "ገለቶማ" ብለው አመስግነው ቮልሷን ከአይሱዙአቸው ጋር በገመድ ማሰር ጀመሩ። አባቴ ኪሱ ውስጥ ያለውን መሐረብ አወጣና የፊት መስታወቷን ቀስ ብሎ ጠረገ። ያቺን መሐረብ ሳይ አልቻልኩም።

"አባባ፣ እኔ ነኝ። ሳጥኗን ፈትቼ ሥሯን ቀባሁት" አልኩ።

"ሥሯን? ቀለም?" አለ። ግንባሩን በመዳፉ መታ። ሳጥኗ ኤሌክትሪኩን የምትመልሰው በተቀመጠችበት በመኪናዋ ብረት በኩል እንደሆነ፣ ቀለሜ ደግሞ መንገዱን እንደዘጋው በአንዲት ቃል ገባው። ቡሎኖቹን ፈትቶ ሥሯን በቢላዋ ፋቀ፤ ብረቱ ነጭ ሆኖ ወጣ። አስሮ ሞተሩን አስነሳ። ቀይዋ መብራት ጠፋች።

እኔ ኦቦ ቶላሳ መኪናዋን ትተውልን እንዲሄዱ እየጸለይኩ ነበር። አባቴ ወርዶ ገመዱን ራሱ ፈታ፣ ጠቀለለና በእጃቸው ሰጣቸው። "አሁን ገመድ አያስፈልግዎትም፤ በሹፌርዎ ያስነዷት" አላቸው። እሳቸው "መምህር፣ እንግዲህ..." ብለው ጀምረው ነበር። "ተጨባብጠናል እኮ" አለ አባቴ።

መኪናዋ ከታጠፈች በኋላ ዞር ብሎ አየኝ። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ቀን ለምን ዝም አልሽ?"

"ፈርቼ።"

"ማንን?"

"አንተን" አልኩት። ምን ልበል፣ ሌላ ሰው አልነበረም። ከበራችን አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ፤ እናቴ ለምሳ ሁለቴ ብትጠራውም አልገባም።

ከዚያ በኋላ ጎጆ በሚኒባስ ነበር የሚሄደው፤ በየሳምንቱ የነበረው በወር አንዴ ሆነ። እናቱ "መኪናህ የት ሄደች?" ስትለው "አረጀች" ይላት ነበር። የእኔን ስም አንሥቶ አያውቅም። እኔም ያደግሁት ያቺን መኪና ያሳጣሁት እኔ ነኝ እያልኩ ነው፤ በአንድ ቀን ቀድሜ ብናገር ኖሮ እያልኩ።

ዛሬ እሱ ጡረታ ወጥቷል፣ እኔ በተራዬ መምህርት ሆኛለሁ። የዘመኑ ልጆች እንደ እኛ አይደሉም ይባላል፤ ደፋሮች ናቸው። እኔ ግን ስቆጣ ድምፄ ሳላስበው ዝቅ ሲልና የክፍሉ ልጆች ሁሉ ደብተራቸውን ሲያዩ አይቻለሁ። ያን ጊዜ እደነግጣለሁ፤ ትምህርቱን አቁሜ ወሬ አወራቸዋለሁ።

ባለፈው በዓል አምቦ ሄጄ ከአባቴ ጋር መንገድ ዳር ባጃጅ ስንጠብቅ አንዲት የተሽሞነሞነች ቮልስ አለፈችን። ዓመታት ያፈንኩት ጥያቄ አመለጠኝ። "አባባ፣ መኪናህ ትቆጭሃለች?"

መኪናዋ እስክትርቅ አየና ሣቀ። ከዚያ ሣቁን ተወው።

"እሷማ ብረት ናት" አለኝ። "እኔን የሚቆጨኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ የመኪና በሽታ በጠመኔ እየሣልኩ ስፈልግ፣ ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስትፈራኝ አለማየቴ ነው።"