በፍሪ የወረድነው ቁልቁለት

የእህቴ ባል ኤሌክትሪክ መኪና ገዛ ሲሉኝ ሳቅሁ። ሃያ ዓመት ኢሱዙ የነዳ፣ ከናፍጣ ሽታ ውጭ ሌላ እውቀት ያለ የማይመስለው ሰው! ወረታ መናኸሪያ አጠገብ አቁሞ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ኮፈኑን እየከፈተ ያሳይ ነበር። ውስጡ ምን እንዳለ ግን ራሱም አያውቅም። «ሞተሩ የታለ?» ሲሉት «ሸሽገውታል» ይላል። ሻጩም ያው ነው፤ «ቁልፉን ይዘህ መንዳት ብቻ ነው» ብሎ ሸኝቶታል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? የእኛ ሰው ጠምጥሞ ጨርሶ ነበር።

እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለነዚህ መኪኖች ባሕር ዳር ሄጄ ተምሬአለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት በቅንነት አስረዳሁት። «የዚህ መኪና ሩጫውና ጉልበቱ ተነጣጥሎ አይታይም። ቁልቁለት ላይ እግርህን ስታነሳ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ማርሹን ፍሪ ካደረግህ ግን ያ ሁሉ ይቋረጣል፤ የሚመለስልህን ጉልበት በፍሬን አቃጥለህ ትጥለዋለህ። ባትሪው ሲደክም ደግሞ መኪናው ራሱ ሩጫህን ይቀንስብሃል» አልሁት።

ሾፌሮች ከበውን ነበር። «አንተ ልጅ» አለኝ፣ «እኔ በፍሪ ቁልቁለት ስወርድ አንተ ገና እርጎ ትልስ ነበር። ፍሪ ማለት ነፃ ማለት ነው፤ ነፃ ነገር ማንን ጎድቶ ያውቃል?» ሾፌሮቹ ተንከተከቱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለዚህ ሰው ስለ መኪና አንዲት ቃል አልተነፍስም ብዬ ማልሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ምን ቸገረኝ!

ነሐሴ ላይ ቦሎ ሊያስለጥፍ ደብረ ታቦር ይዞኝ ወጣ። ዳገቱን ሁሉ እንደ ኢሱዙው እየረገጠ ባትሪውን አራቁቶት ገባን። ቻርጅ እናድርግ ብንል ከተማው መብራት የለውም። መብራቱ እስኪመጣ ምሳ እንብላ ብለን ስንቀመጥ ስልኩ ጮኸ። እናቱ ከወረታ ወዲያ፣ ቁሐር ሚካኤል አርፈዋል። ታመው ነበር፤ እንዲህ ይቸኩላሉ ያለ ግን አልነበረም። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው አሉት። የበኩር ልጅ ነው፤ እናቱን አፈር ሳያለብስ ቀርቶ በምን ዓይኑ ሰው ያያል? ዳሽቦርዱን አየሁ። ባትሪው ላይ አሥራ ስምንት በመቶ ይላል። ማርሹን ሳይነካ፣ እግሩን እያነሳ ቢወርድ ቁሐር ያደርሰን ነበር፤ ይተርፈንም ነበር።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን ፍሪ አደረገው። እያለቀሰ ነው፤ እጁ ግን ልማዱን አልረሳም። አፌን ከፍቼ ነበር። ያ የሾፌሮች ሳቅ ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ዝም አይነቅዝም ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኛል። ወረታ ስንደርስ መኪናው መናኸሪያው ፊት ለፊት ይቆምበታል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ያኔ ማን እርጎ ይልስ እንደነበር ይለያል፤ ከዚያ ባጃጅ ሞልቷል፣ በባጃጅ ይደርሳል። እንዲህ ነበር ስሌቴ። ፍሬኑ እየሸተተ ወረድን።

ወረታ ላይ አልቆመም። ቁጥሩ ሦስት ላይ ሆኖ ከተማውን አለፍነው። እንግዲህ አሁንስ ልናገር? ምን ብዬ? ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ መንደሩ መንገድ ስንታጠፍ ዳሽቦርዱ ላይ የኤሊ ምልክት በራ፤ መኪናው ያለችውን ጉልበት ሊቆጥብ ሩጫውን መከልከሉ ነው። የሩዙ ማሳ ውኃ ሞልቶ መንገዱን ነክቶታል። ጭቃው ውስጥ ገባን። እሱ ይረግጣል፣ መኪናው አይሰማውም። «ምን ሆነ? ወንድምዓለም፣ ምን ሆነ?» አለኝ። 

ጫማውን አውልቆ በጭቃው ሮጠ። ተከተልሁት። የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች መታየት ሲጀምሩ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ሲመለሱ አገኘን። ከፊት የነበሩት ቄስ ገና ሲያዩት ቆሙ። «ጠብቀንህ ነበር ልጄ። ዝናቡ መጣ፣ ጉድጓዱ ውኃ መያዝ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲያ ማቆየት አቃተን» አሉት።

እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ላነሳው ስጎነበስ አንገቴን ይዞ «አንተ ባትኖር ዛሬ ምን ይውጠኝ ነበር? እግዜር ይስጥህ» አለኝ። እኔ የተማርሁት፣ አዋቂው፣ አንዲት ሳቅ ለመመለስ ብዬ የእናቱን ቀብር የነሳሁት ሰው ነው የመረቀኝ። ራሴን ጠላሁት።

በሠልስቱ አንድ ለቅሶ ደራሽ መኪናው ለምን እንደቆመ እኔን ጠየቀኝ፤ አንተ ባለሙያው ነህ ብሎ። አማቼ ቀደመኝና «ባትሪው ነዋ! እነዚህ መኪኖች አያስተማምኑም» አለው።

«አዎ» አልሁ፣ «አያስተማምኑም።»