በጦም ድስት ውስጥ የተገኘችው ጥንቸል

መተማ ይበርዳል ስል ደገኞች ይስቁብኛል። ለአጨዳ የሚወርዱት ሁሉ «አንቺ ውርጭ የት ታውቂና!» ይሉኛል። እስቲ በታኅሣሥ፣ ንፋሱ በሱዳን በኩል ሲመጣ፣ ከኮኪት ከተማ ወዲያ ባለው ሜዳ ሸራ ሥር አንድ ሌሊት ይደሩና እንነጋገር። በዚያ ዓመት ደግሞ ያለ ወቅቱ ዝናብ ተጨመረበት። ማሽላው በቁሙ ራሰ፣ ሰውም እንደዚያው።

የካምፑ ወጥ ሠሪ እኔ ነበርኩ። ሠራተኛ ከበላ ያጭዳል፤ ካልበላ ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ማሳ ይሄዳል፣ ባለ ማሳው የሚያሰናብተው ደግሞ እኔን ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሰው ቀድሜ እነሳለሁ።

አንድ ማለዳ ከትራክተሩ ተሳቢ ሥር አንዲት ጥንቸል ኩርምት ብላ አየሁ። በዝናብ በስብሳለች፤ የአንድ ጆሮዋ ጫፍ ተቀዷል። «ሂጂ!» ብላት አልሄደችም። ጥንቸል ሰው አይታ አለመሸሿ አስደነገጠኝ። ሳነሳት ሰውነቷ በብርድ ደንዝዟል፣ ልቧ ብቻ መዳፌ ላይ ትር ትር ይላል።

ማድ ቤቴ ራኩባ የምንላት የሣር ዳስ ናት። በር ስለሌላት የካምፑ ውሾች እንዳሻቸው ይገባሉ። ትልቁ ድስት ለብ ባለው አመድ ላይ ባዶውን ተቀምጦ ነበር። ጆንያ አነጠፍኩበትና ጥንቸሏን አስተኛኋት፤ ውሻ እንዳይደርስባት ክዳኑን ገርበብ አድርጌ፣ ጀሪካኔን ይዤ ውኃ ልቀዳ ወጣሁ። ከዚያ የተሻለ ቦታ ዛሬም አይታየኝም።

ስመለስ ሠራተኛው በሙሉ ራኩባዬ ውስጥ ቆሟል። ዝናቡ ከማሳ መልሷቸው እሳት ሊሞቁ ገብተዋል። አንዱ የጎጃም አጫጅ የድስቱን ክዳን እንደያዘ ደርቆ ቀርቷል።

«ጥንቸል!» አለ። «ያውም በጦም!»

ሳቄ መጣ። ላስረዳ አፌን ስከፍት ግን ሌላው ቀደመኝ።

«የኅዳር ሚካኤል ለት ያበላሽን ሥጋ የምን ነበር?»

«የፍየል ነዋ!»

«ስትታረድ ያየ አለ?»

ያየ የለም። እነሱ ማሳ ላይ ነበሩ፤ ያረደልኝ የትራክተሩ ሾፌር ደግሞ ኮኪት ሄዷል። ያን ለት ጣታቸውን እየላሱ የመረቁኝ ሰዎች ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ። አንዱማ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ ወደ ውጭ ሮጠ። ከወር በፊት የበላውን ሊያስመልስ!

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ከመሃላቸው ግን አባባ የምንላቸው አንድ የወሎ ሽማግሌ ነበሩ። ወባ ጥሏቸው በነበረ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ማሳ ሲውል፣ አጠገባቸው ተቀምጬ አጥሚት በማንኪያ ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ።

«እርስዎ እንኳ ይንገሯቸው እንጂ፣ አባባ» አልኩ።

አባባ እግሬ ሥር እንትፍ አሉ።

ክው አልኩ። ጀሪካኑ ከእጄ ወድቆ ውኃው ምድጃዬን አጠፋው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ሲጥል ግን እንዲህ ትንፋሽ እንደሚያሳጣ አላውቅም ነበር።

«ለማረድ ያሰበ ሰው ጆንያ ያነጥፍላታል?» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ እኔኑ አስፈራኝ። ጥንቸሏም በርግጋ ከድስቱ ዘለለችና በእግሮቻችን መካከል ሾልካ ወደ ዝናቡ ወጣች። ጆንያውን አዩት፣ እርስ በርስ ተያዩ። አምነንሻልም፣ አላመንንሽምም ሳይሉ አንድ በአንድ ወጡ።

ድስቱን በአመድ ፈትጌ ፈትጌ ሽሮ ሠራሁበት። ማንም አልቀመሰም። ከየጓዛቸው ቆሎ አውጥተው ቆረጠሙ። አመሻሽ ላይ ሽንፋ ስላሉት ማሳዎች ሲያወሩ ሰማሁ፤ እዚያም አጫጅ ይፈለጋል አሉ። እነሱ ከሄዱ የእኔም እንጀራ ተዘጋ። ወቅቱን ሙሉ ከእጄ የበላ ሰው በአንዲት ጥንቸል ይከዳኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። እንባ እንኳ አልመጣልኝም፤ ድንጋጤው ደረቴ ላይ እንደተቀመጠ አደረ።

በማግሥቱ እልህ ይዞኝ በዚያው ድስት ሽሮ ጣድኩ። ሠራተኛው ጓዙን ሸክፎ ከራኩባዬ ማዶ ቆሟል። በዚህ መሃል አባባ ገቡ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ጋቢያቸውን ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አቅፈዋል፤ እሳቸው በሸሚዝ ይንቀጠቀጣሉ። ጋቢውን ገለጥ ሲያደርጉት የተቀደደችው ጆሮ ብቅ አለች።

«ትላንት በኛ ጩኸት ወጥታ ብርዱ ሊገድላት ነበር» አሉ። «ስፈልጋት ስፈልጋት ቦዩ ውስጥ አገኘኋት። ድስቷ ባዶ ናት?»

እኚህ ሰው ናቸው ትላንት የተፉብኝ?

«ሽሮ አለባት፣ አባባ» አልኩ።

ጋቢውን ከነጥንቸሏ አስታቀፉኝ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ምድጃው አጠገብ ቁጭ አሉ።

«እንግዲያስ አቅርቢልኝ» አሉ፣ ውጭ የቆመው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው። «እኔ ልብላና ድስቷ ለሷ ትለቀቅላት።»