ለእኔ ብቻ የተሰጠ የማንበብ ሥልጣን

ባለፈው እሑድ ምሳ እየበላን ልጄ ብሌን፣ «ባባ፣ እኔ ግራጁዌሽኔ ላይ አልሄድም» አለችኝ። «ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀን ቁጭ ማለት ነው እኮ! ሰርተፊኬቱን በኋላ ኮሌክት አደርጋለሁ።» ዩኒቨርሲቲው ግን በምረቃው ላይ ያልተገኘ ተማሪ ወረቀቱን የሚያገኘው ከሚቀጥለው ምረቃ በኋላ ነው ብሏል። ይህ ግፍ ነው እያለች ስትንጨረጨር እናቷ ሮማን እኔን አየችና ሳቋን ለመደበቅ ውኃ አነሳች። እኔ ሳቄን አልደበቅኩም። ይህች ልጅ የተወለደችው እንዲህ ባለ ግፍ ምክንያት ነውና።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ናይሮቢ ነው፤ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ ዓመታት፣ ሞባይል ስልክ ገና ጠረጴዛ ላይ ተደርጎ ለሰው የሚታይ ዕቃ በነበረበት ጊዜ። ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ። ያኔ አርባ ሊሞላህ ምን ቀረህ ይለኝ የነበረ ሰው ካለ፣ ፍሪጅ ብቻዬን ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ ስወጣ አላየኝም ማለት ነው።

የፍሪጅ ጥገና ያስተማረኝ ማንም የለም። መንገድ ዳር የሚሸጡ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት እየገዛሁ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ በገዛ ጭንቅላቴ ነው የተማርኩት። ኋላ ኮሌጅ በማታ ገብቼ ፈተናቸውን ስፈተን አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጣው ልጅ አጠገቤም አልደረሰም። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

የሮማን አባት ጋሽ በቀለ ዌስትላንድስ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት ነበራቸው። ፍሪጃቸውን የጠገንኩት እኔ ነኝ። እንዲያውም ሮማንን ለማየት ስል ፍሪጁ ባይበላሽም ልጠግነው እሄድ ነበር። ጋሽ በቀለ ሙያዬን ይወዱልኛል፣ ክትፎ ያቀርቡልኛል። ልጃቸውን ስጠይቃቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ራሴን በራሴ አስተማርኩ ትላለህ» አሉኝ። «ጭንቅላትህን ከፍቼ አላየው ነገር!»

«ኮሌጁንም ጨርሻለሁ እኮ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ምረቃህ ላይ እመጣለሁ። ስምህ ሲጠራ በጆሮዬ ከሰማሁ ሮማን ያንተ ናት። ካልሰማሁ ፍሪጁን ሌላ ሰው ይጠግነዋል።»

እኔ ደግሞ ላለመሄድ ቆርጬ ነበር። አንደኛ የወጣ ሰው ገዋን ለብሶ እንደ ሕፃን የሚሰለፈው ለምንድን ነው? በዚያ ላይ በዚያው ቀን ኤርፖርቱ አጠገብ ኢምባካሲ፣ አበባ በቅዝቃዜ የሚያቆይ መጋዘን ውስጥ ሥራ ነበረኝ። ኮሌጁ ያልተገኘ ወረቀት የለውም አለ፤ ጋሽ በቀለ ያልተጠራ ሚስት የለውም አሉ። ምን ምርጫ አለኝ? ገዋኑን ተከራየሁ።

የጃካራንዳ አበባ አስፋልቱን ሐምራዊ የሚያለብስበት ወር ነበር። የተሳፈርኩበት ማታቱ፣ የናይሮቢው ሚኒባስ፣ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ሙዚቃ ከፍቶ ሲበር፣ ረዳቱ ገዋኔን አይቶ «ዳክታሪ ነው! ለዳክታሪ ቦታ ልቀቁ!» እያለ ይጮሃል። ዶክተር አይደለሁም ብዬ አላረምኩትም። ኮሌጁ ሜዳ ስደርስ ድንኳኑ ሁሉ በሰው ሞልቷል፤ እናቶች የሚያብረቀርቅ የወረቀት አበባ ጉንጉን ይዘው ይጨፍራሉ፣ ከአጥሩ ኋላ የሚጠበሰው የፍየል ሥጋ ሽታ ልብ ያጠፋል። ጋሽ በቀለ ከሮማን ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ የፋሲካ ሱፋቸውን ለብሰው፣ በአንድ እጃቸው ጆሯቸውን ደግፈው።

አገር ቤት ስም ይጠራል፤ ተመራቂው ይወጣል፣ እጅ ይጨብጣል፣ ወረቀቱን ይቀበላል። ጋሽ በቀለም እኔም የምናውቀው ይህንኑ ነው። እዚህ ግን የየትምህርት ክፍሉ ተማሪ በአንድ ላይ ይነሣል፤ የኮሌጁ ኃላፊ እንደ አገሩ ልማድ «የማንበብና ከሙያው ጋር የተያያዘውን ሁሉ የመሥራት ሥልጣን ሰጥቻችኋለሁ» ይላሉ፤ ሁሉም መልሶ ይቀመጣል። አለቀ! የማንም ስም አይጠራም። የእኛ ክፍል ተነሣ፣ ሥልጣኑ ተሰጠው፣ ተቀመጠ። ወደ ድንኳኑ ዞር ስል ጋሽ በቀለ የኮታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ነው። የሮማንን ክንድ ያዙና ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ። ሮማን ዞራ አየችኝ።

እኔ አልተቀመጥኩም። ከዚያ ሁሉ ጥቁር ገዋን መካከል ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ።

«አንተ፣ ምን ሆንክ? ተቀመጥ እንጂ» አሉ ኃላፊው በማይክሮፎን።

ራሴን ባስተማርኩት እንግሊዝኛ፣ ያለ ማይክሮፎን፣ «ጌታዬ፣ ስሜን ይጥሩልኝ!» አልኩ።

«የማንንም ስም አንጠራም።»

«ስሜ ካልተጠራ ልጃቸውን አልሰጥም ያሉ ሰው አሉ። ያውልዎ፣ እየወጡ ነው!»

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ስሜን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ «ቲላሁን!» አሉ። የጥላሁንን ጥ አልቻሏትም፤ ግን እንዲያ አምሮ የተጠራ ስም ሰምቼ አላውቅም። «ቲላሁን፣ የማንበብ ሥልጣን ሰጥቼሃለሁ። የማግባትም!»

ድምፁ እስከ በሩ ደረሰ። ጋሽ በቀለ ቆሙ። ዞሩ። ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወርውረው በአማርኛ፣ «የእኔ ልጅ ነው! የእኔ ነው!» ብለው ጮኹ። የማላውቃቸው እናቶች እልል እያሉ ከበቡኝ፣ አንዷ ለልጇ ያመጣችውን ጉንጉን አንገቴ ላይ አጠለቀችው። የተጠበሰውን ፍየል ስንበላ ጋሽ በቀለ የምረቃ ቆቤን ራሳቸው ላይ ደፍተው ነበር፤ እስኪመሽም አላወለቁትም።

ተማሪ በምረቃው ላይ በግድ ይገኝ ወይ ብትሉኝ፣ በግድ ባይሉኝ ኖሮ ያን ቀን ኢምባካሲ ነበርኩ፤ ሮማንም ሌላ ሰው ታገባ ነበር። ፍሪጅ ብቻዬን መማር ችያለሁ፤ እልልታውን ግን የትኛውም መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም።

ይህን ሁሉ ለብሌን ነገርኳት። ሳህኗን ገፋ አደረገችና፣ «ኦኬ ባባ፣ እሄዳለሁ» አለች። «ግን ፕሊዝ፣ አንተ እንዳትነሣ። ፕሮሚስ?»

ቃል ገባሁላት። ማታ ለጋሽ በቀለ ደውዬ የምረቃዋን ቀን ነገርኳቸው። ዛሬ ዛሬ ጆሯቸው ደክሟል፤ ደጋግሜ መጮህ ነበረብኝ።

«ስሟን ይጠሩታል?» አሉኝ።

«አይጠሩም፣ ጋሼ። ያው እንደ እኔ ጊዜ ነው።»

«እንግዲያው አንተ ትጠራዋለህ።»

እንዳልነሣ ነው ቃል የገባሁት። ቁጭ ብዬም ቢሆን ድምፄ ሩቅ ይሰማል።